ባዶዎቹ ከረጢቶች

«እንኳን ደህና መጡ! ነገ እንጂ ዛሬ አልጠበቅንዎትም ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጁ ይዞ እየናጠ። «ቦታው ጉድ ነው! ከመቶው የድንጋይ ከረጢት ወርቅ ያልተገኘበት አንድም የለም!»

«እኔ የመጣሁት ለሬሳው ነው።»

እጇን እንደ ጋለ ብረት ለቀቀው። የማዕድን ቦታውን ሊገዙ የሚመጡት ሴትዮ መስላው ኖሯል። ባልደረቦቿ ወስፌ የሚሏት መርማሪ ግን ንዴት እንጂ ገንዘብ ይዛ አልመጣችም፤ ንዴቱም እስካሁን በመንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነበር። መጋዘን ውስጥ ሬሳ አጋድሞ ገዢ የሚቀበል ሰው ስታይ እጥፍ ሆነ።

ሟቹ፣ የቦታው የድንጋይ ኬሚስት፣ መደርደሪያው ሥር በደረቱ ተደፍቷል። በቁፋሮ የወጡ ድንጋዮች የታጨቁባቸው ሳጥኖች እግሩ ላይ ወድቀዋል። ሽማግሌው ቆፋሪ በካቴና ታስሮ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ወደ እስር ቤት የሚወስደው መኪና ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቀዋል።

«ሳጥኖቹን እንደ ነገሩ የደረደረ እሱ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ፖሊስ ጠርቼ አሳሰርኩት። ትናንትም ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል።»

«በየቀኑ እንጣላለን!» ጮኸ ቆፋሪው። «ወዳጄ ነበራ!»

ወስፌ ተንበረከከች። «እግር ላይ የወደቀ ሳጥን ማጅራት ይፈነክታል እንዴ? ኪሱንስ ማን ገለበጠው?»

«የላቦራቶሪው ውጤት ነበረበት» አለች የሟቹ ታናሽ እህት፣ ወደ ላቦራቶሪ የሚላኩትን የድንጋይ ከረጢቶች የምታሽገው ሠራተኛ። ዓይኗ ቀልቷል፤ በለቅሶ ብቻ ግን አልነበረም። «ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰን፤ አንድ ወረቀት። አይቶ ‹ወርቁ የውሸት ነው› አለኝ።»

«ወርቅ እንዴት የውሸት ይሆናል፣ እህቴ?»

«እዚህ አካባቢ ወርቅ ብቻውን አይመጣም። ከመሬት ሆድ የሚወጣ ፍል ውሃ ተሸክሞት በድንጋዩ ስንጥቅ ያስቀምጠዋል። ያው ውሃ አርሰኒክ የሚባለውን መርዝና ድኝም ያመጣል፤ ዙሪያው ያለው ድንጋይ ሁሉ ይጠጣዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ወርቁ አለ፣ አጃቢዎቹ የሉም።»

«ከላይ ተነስንሷላ!»

«አዎ። ደግሞ ከየአሥሩ ከረጢት አንዱ ባዶ ነው። ላቦራቶሪው አለመሳሳቱን ለመፈተን ወንድሜ ወርቅ የሌለው ተራ ድንጋይ ይጨምርበታል። የቱ እንደሆነ የምናውቀው እሱ፣ እኔና ቆፋሪው ብቻ ነን።»

«ባዶዎቹስ?»

«ከነሱም ወርቅ ወጣ።»

ወስፌ ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበች። መኪናው ሞተሩን እንዲያጠፋ አዘዘች።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ከሟቹ ሌላ እናንተ ሦስታችሁ ጋ ነው። ወርቅ ነስናሹ አንድም ከረጢት አልማረም። እሷ ወይም ቆፋሪው ቢሆኑ ባዶዎቹን ይዘሏቸው ነበር፤ የሚያጋልጧቸው እነሱ ናቸዋ! ሳያውቅ ሁሉንም የነሰነሰ አንድ ሰው ይቀራል። ሟቹ ደረሰበት፤ ነገ ደግሞ ገዢ ይመጣል።»

«ግምት ነው!» ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ውጤቱ የመጣው በአንዲት ወረቀት ነው፤ እሷም ከሟቹ ኪስ ተወስዳለች። ታዲያ እጄን ይዘው ሲንጡኝ፣ ከመቶው አንድም እንዳልቀረ ማን ነገረዎት? ኮትዎን ያውልቁ!»

ወረቀቷ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ወጣች። ጠርዟ ደም ነክቶታል።

«ሰው ፊት እንዳያዋርድህ ነበር!» እህትየዋ ተንደርድራ ኮሌታውን ያዘች። «‹ለብቻው ልንገረው› ብሎኝ ነው የሄደው! ለብቻህ!»

ሊያላቅቋት ሦስት ፖሊሶች አስፈለጉ። ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ተፈትቶ ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ጠቅ አለ።

«ኧረ ጠበበኝ! እጄን ቆረጠኝ እኮ!»

ቆፋሪው የተላጠ አንጓውን እያሻሸ አየው።

«ምን ይደረግ፣ ጌታዬ። በኔ ልክ ነበር ያሰፉት።»