ከከሰሉ ጀርባ ያለ እግር

ጫልቱ ቀጣዩን ገጽ ልትገልጥ ጣቷን በምራቋ ስታርስ የቆርቆሮው አጥር ጓ! አለ፤ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ዱብ አለ።

ገርባ ነው፤ ያ ልቦለድ አከራዩ! ሌላ ጊዜ ቢሆን በድንጋይ ነበር የምትሸኘው። መጽሐፍ ሲያከራይ የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ገንጥሎ ኪሱ ይከታል፤ ካልመለስሽ መጨረሻውን አታውቂውም። አንብባ ስታለቅስ ካየማ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሰብስቦ ይስቅባታል።

«አፈሳ ነው!» አለ ትንፋሽ አጥሮት። «ጫልቱዬ፣ በናትሽ!» ከከሰል ማዳበሪያዎቹ ጀርባ ተወሸቀ።

«ዛሬ ጫልቱዬ ሆንኩ?» ልትለው አፏን ስትከፍት በሩ ተደበደበ።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጋሽ ራህመቶ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ገቡ።

«ገርባ በዚህ አልፏል?»

«የቱ ገርባ?»

«አትቀልጂ! ለውትድርናው ኮታ አንድ ሰው ጎድሎናል። እሱን ካጣሁ የናንተውን ቀነዓን ነው የምወስደው። ከትምህርት ቤት መቼ ነው የሚወጣው?»

ወንድሟን! ጣቷን ወደ ከሰሉ ብትቀስር ግን በቃ፣ አለቀ። ሰረቅ አድርጋ አየች። ከማዳበሪያው ስር የገርባ እግር ወጥቷል። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።

የያዘችው ልቦለድ ውስጥ አንድ ልጅ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ሳሉን ሊውጥ ይታገላል። እሷም ስታነብ ሳታውቀው ትንፋሿን ይዛ ነበር። አሁንም ያዘች። የከሰሉ ብናኝ የሷን ጉሮሮ ከረከራት። ያ ነገረኛ ልጅም እንደዚህ ይፈራል ለካ!

«ምን ይዘጋሻል?»

«አይቼዋለሁ፣ ጋሼ።» የገርባ እግር ድርቅ አለ። «ወደ ባቡር ጣቢያው ነው የሮጠው። ቶሎ ካልደረሱበት ያመልጥዎታል።»

«ዋሽተሽ ከሆነ ተመልሼ እመጣለሁ። ያኔ ወንድምሽን አትፈልጊው!»

«እሺ ጋሼ» አለች። ድምጿ እንደ ጫጩት ቀጥኖ ወጣ።

ኮቴያቸው ሲርቅ ገርባ ራሱ ከሰል መስሎ ብቅ አለ። «እኔ እኮ... ትሰጪኛለሽ ብዬ...»

«እኔም ብዬ ነበር። አሁን በጓሮ ውጣና ወለንጪቲ መውጫው ላይ ጠብቅ። ቀነዓን ይዤ እመጣለሁ፤ አክስቴ ጋ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ወንድሟ ትምህርት ቤት ወጣች። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ጥግ ላይ ሌላ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ቆሟል። እግሯ ሩጪ ሩጪ አላት። የሚሮጥ ሰው ደግሞ ያስነቃል። ስኳር ልትገዛ እንደተላከች ሁሉ በቀስታ እየተራመደች፣ ሰውየውን እጅ ነስታ አለፈች።