የሚኒስትር ደም

ሚኒስትር የዶክተሯን የገለባ ባርኔጣ ከራሷ ላይ ነጥቆ ማላመጥ ሲጀምር፣ ከዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ንጎኔ ብቻ አልሳቀችም። የፈረሱን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት መሬቱን ታያለች።

«አንተ ጆፕ!» አለች የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ራማታ ንጃይ ባዶ አናቷን በእጇ ሸፍና። «ፈረስህም እንዳንተ ሆዳም ነው!»

«ምን ያድርግ? ባርኔጣው የንጃይ ራስ ላይ ስለከረመ ሩዝ ሩዝ ይሸታል» አለ የንጎኔ አባት ማሳምባ ጆፕ።

በአገሩ ወግ የጆፕ እና የንጃይ ዘር የሆኑ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ መዘላለፍ አለባቸው። ሆዳም፣ ሩዝ ሌባ፣ ውሸታም ይባባላሉ፤ የሚቀየም የለም። እንዲያውም አንድ ጆፕ ንጃይን አይቶ ሳይሰድበው ካለፈ ወይ ታሟል፣ ወይ ሰው ሞቶበታል ማለት ነው። በኬር ባካር መንደር ደግሞ ግማሹ ሰው ጆፕ፣ ግማሹ ንጃይ ስለሆነ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም።

ማሳምባ ያን ቀን ለበዓል ብቻ የሚያወጣውን ሰማያዊ ሰፊ ቀሚሱን ለብሷል። ዶክተሯ ከዋና ከተማው የፈረሶቹን የደም ምርመራ ውጤት ይዛ እንደመጣች ሲሰማ ነው የለበሰው።

«እሺ ስሙ» አለች ዶክተሯ ሳቁ ሲበርድ። «ሃያ ሦስት ፈረስ መርምረናል። በሰኔ ዝናቡ ሳይጀምር ደም ወሰድን፤ ሁሉም ንጹሕ ነበሩ። በጥቅምት ዝናቡ ሲያበቃ ደግመን ወሰድን። ሃያ ሁለቱ አሁንም ንጹሕ ናቸው። የአንዱ ደም ውስጥ ግን የምንፈልገውን ቫይረስ ምልክት አገኘን። ቁጥር አሥራ ሁለት።»

ቁጥር አሥራ ሁለት ሚኒስትር ነው። ማሳምባ ደነገጠ።

«ይሞትብኛል?»

«ይሄ? ይሄ እኔንም አንተንም ይቀብራል። ቫይረሱን ትንኝ ከወፍ አምጥታ ነው የሰጠችው፤ እሱ ችሎታል። ከእሱ ወደ ሰውም አይተላለፍም። ግን እሱን የነከሰች ትንኝ እናንተንም ትነክሳለች። በሰኔ ያልነበረው በጥቅምት ከተገኘ፣ ቫይረሱ ዘንድሮ እዚሁ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ጎረቤት መንደር ወደ ምቦዶ ሊሄድ የነበረው የፀረ ትንኝ መርጫ መኪና ሐሙስ እናንተ ዘንድ ይመጣል። ለየቤቱ አጎበርም ይዟል።»

መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። «የኔ ፈረስ ነው ያመጣላችሁ!» እያለ ማሳምባ ደረቱን ነፋ። ንጎኔ ግን እልል አላለችም።

ነገሩ የተበላሸው በሰኔ ነው። ያን ጠዋት አባቷ ገበያ ሊሄድ ሲል «ሚኒስትርን አስመርምሪ። የምርመራ ደብተር ሳትይዢ እንዳትመለሺ» ብሏት ነበር፤ ነጻ የትል መድኃኒት የሚሰጠው ለተመዘገበ ፈረስ ብቻ ነበርና። ሚኒስትር ግን ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ካልተለመነ አይነሳም፤ ከተነሳም የሚሄደው እሱ ወዳሰበበት ነው። ገመዱን በጥሶ የሰው ማሳ ገባ። ንጎኔ ስታባርረው ረፋዱ አለፈ። ሐኪሞቹም ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ሊያለቅስ የደረሰ ፊቷን ያየችው ጓደኛዋ ኮዱ ንጃይ ናት። የኮዱ ቤተሰብ ፈረስ፣ ሰኞ ዕለት ስለተገዛ ሰኞ ይባላል። ያኔ ደም ሰጥቶ ቁጥር አሥራ አንድን ይዞ ነበር።

«ሰኞን ድጋሚ አቅርቢው» አለች ኮዱ። «ሁለቱም ዳማ ናቸው። ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ቦቃ በከሰል እናጠፋታለን። ማን ያውቃል?»

ማንም አላወቀም። ሰኞ እንቅልፋም ነው፤ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ተወግቶ ሁለቱንም ጊዜ አልነቃም። የነቃው የትል መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ሲውጥ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ያስቀመጠውን ነገር የኮዱ አባት እስከ ዛሬ አያውቁም።

በጥቅምት ሚኒስትርን ራሱ ማሳምባ ወሰደው። አራት ሰው ይዞት ደሙን ሰጠ። ስለዚህ በደብተሩ ላይ የሰኔው ደም የሰኞ፣ የጥቅምቱ ደም የሚኒስትር ሆነ።

ንጎኔ ወደ ዶክተሯ ጠጋ አለች። «ዶክተር፣ ምቦዶዎችስ?»

«በዚህ ክረምት ሁለት ፈረስ ሞቶባቸዋል። ደማቸው ሳይወሰድ ስለተቀበሩ በምን እንደሞቱ ማረጋገጫ የለንም። እዚህ ግን ማረጋገጫ አለን። መኪናው ደግሞ አንድ ነው። ከወር በኋላ ይደርሳቸዋል።»

ምቦዶን ንጎኔ ታውቀዋለች። አምና ሚኒስትር መንገዱ መሃል «አልሄድም» ብሎ ሲቆም፣ አንዲት ሴትዮ የራሳቸውን ባልዲ ሞልተው አጠጥተውት ነበር። እሱም ጠጥቶ ሲያበቃ ባልዲውን ረግጦ ሰበረባቸው። ሴትዮዋ ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ንጎኔ አሁን ፊታቸው መጣባትና አፈረች።

«ዶክተር» አለች። «በሰኔ የሰጠሁት የሚኒስትርን ደም አይደለም። የእነ ኮዱን ፈረስ ነው ሁለተኛ ያቀረብኩት። ሰረቅኳችሁ። የንጃዮችን ደም ነው የሰጠሁት።»

ከዚያ የሳቁ ነገር አይነሳ!

«ሰማችሁ?» አለች ዶክተሯ ጉልበቷን እየመታች። «ጆፖች ሩዛችንን መስረቃቸው አልበቃ ብሏቸው አሁን ደግሞ ደማችንን!»

«የኔ ልጅ!» አለ ማሳምባ እንባውን እየጠረገ። «የንጃይ ደም ውሃ አይደል? ንጹሕ የተባለውም ለዚያ ነው!»

«የምሬን ነው» አለች ንጎኔ። ይባስ ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ሻይ ትን አላቸው።

ኮዱ ክንዷን ይዛ ወደ ዳር ጎተተቻት። «አበቃ! ተናገርሽ፣ አላመኑሽም። ከአንቺ ወርዷል። በቃ አታካብጂ፤ ነይ ሻይ እንጠጣ።»

እውነቷን ነው፤ ንጎኔ ተናግራለች። ነገ አንድ ሰው «ለምን ዝም አልሽ?» ቢላት፣ «ነግሬያችሁ ሳቃችሁ» ማለት ትችላለች። ንጎኔ ይህን ስታስብ ለአንድ አፍታ ቅልል አላት። መቅለሉ ራሱ ግን አስጠላት።

ሚኒስትርን ከአባቷ ጀርባ ካለው ጋሪ ጋር አሰረችው። ከሻይ ማፍያው ምድጃ ሥር የበረደ ከሰል አነሳች።

«ሰኞ የት ነው?»

ኮዱ ከሰሉን አይታ ፊቷ ተለወጠ። «አንቺ! አባቴ ይገድለኛል።»

«ስምሽን አልጠራም። የት ነው?»

ኮዱ በእግሯ አሸዋውን ስትጭር ቆየች። ከዚያ ቀድማ ወደ ግቢያቸው ሄደች። ሰኞ ቆሞ ተኝቷል። ኮዱ ጭንቅላቱን ደግፋ ያዘችላት። «ቀስ በይ» አለች፤ «ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ።»

ሁለቱ ልጆች ፈረሱን እየሳቡ ወደ ዛፉ ሲመለሱ ሳቁ ገና አላበቃም ነበር። መጀመሪያ ያያቸው ማሳምባ ነው።

«ሚኒስትርን የት ወስደሽው ነበር?» አላት።

ከጀርባው የሆነ ነገር ሲቆረጠም ተሰማ። ዞር አለ። ሚኒስትር ከጋሪው ጋር ታስሮ የባርኔጣውን ቅሪት ያላምጣል። ማሳምባ ወደ ፊት አየ፤ ወደ ኋላ አየ፤ እንደገና ወደ ፊት አየ። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ።

ዶክተሯ ተነስታ የሻርፗን ጫፍ በውሃ ነክራ የሰኞን ግንባር ጠረገች። ነጯ ቦቃ ብቅ አለች። ዶክተሯ የጠቆረውን ሻርፕ ትክ ብላ ስታየው ቆየች።

«ንጎኔ» አለች። ቀኑን ሙሉ ጆፕ ስትላት ነው የዋለችው። «ሚኒስትር የተገዛው ከየት ነው?»

የመለሰው አባቷ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ከወንዙ ዳር። ከገዛሁት ሦስት ዓመት ሆነው።»

«ወንዙ ዳር ይህ ቫይረስ ድሮም ነበረ። እዚያ ይዞት ይሆናል፤ እዚህም ይዞት ይሆናል። የሰኔ ደሙ ከሌለ ዘንድሮ ነው ማለት አንችልም።» ስልኳን አወጣች። «መኪናው በዕቅዱ ይሂድ» ስትል ሁሉም ሰማ። «አዎ፣ ምቦዶ።»

ማሳምባ ሰማያዊ ቀሚሱን ሰብስቦ ቁጭ አለ። ንጎኔ ቢጮህባት በወደደች።

ዶክተሯ የቁጥር አሥራ ሁለትን ደብተር ከፈተችና የሰኔውን መስመር ሰረዘችው። «ማረሚያውን ማን ሰጠ ብዬ ልጻፍ?»

ንጎኔ እስክሪብቶውን ተቀብላ ሙሉ ስሟን ጻፈች። ቀና ስትል የኮዱ እጅ ተዘርግቶ አየች።

«አምጪው» አለች ኮዱ፤ አባቷ ወዳሉበት ሳታይ።

ማሳምባ አንገቱን አስግጎ ደብተሩን አየ።

«ከሥር ጻፊ» አላት ኮዱን። «የንጃይ ቦታ ሁልጊዜም ከጆፕ ሥር ነው።»

ኮዱ ከላይ ጻፈች።