መደቡ ላይ ያረፈችው ቢጫ ክፈፍ

የሞተ ሰው ታየኝ የሚል ሲያጋጥመኝ፣ እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል ብዬ ነበር የማልፈው፣ ባሌም እንደኔው ነበር፣ እንዲያውም እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «እኔስ የምፈራው በቁሙ ያለውን ሰው ነው» እያለ ይስቅ ነበር። ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ አይደለም፣ ለማን እንደምነግረው ጨንቆኝ ነው።

ባሌን ክረምት ሲገባ እዚሁ ከተማችን መካነ ሰላም ቀበርነው። ልጃችን ትርንጎ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እንደምታውቁት በእኛ አገር ስደት ላይ ላለ ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን በባዕድ ቤት እንዳትሰማው እዚያ ያሉ የአገሯ ልጆች ተሰብስበው፣ አቅፈው ነው የሚያረዷት፣ እነሱ ደግሞ እረፍት የሚያገኙት የአሠሪዎቻቸው ጾም ሲፈታ ስለሆነ፣ እስከዚያ አባቷን በሕይወት ማቆየት የኔ ፈንታ ሆነ።

ስትደውል «ወረኢሉ በሬ ሊገዛ ሄዷል» እላታለሁ፣ አንድ ቀን ሰለቻት።

«እማዬ፣ አባባ ስንት በሬ ነው የሚገዛው? ወይስ አኩርፎኛል?»

«ምን አድርገሽው ያኮርፋል፣ ልጄ» አልኩና ወሬ ለማስቀየር፣ በላከችው ገንዘብ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰውን ቤት ቀርጬ እንደምልክላት ቃል ገባሁ፣ ብቻ ኔትወርኩ ቪዲዮ አይችልም አልኳት።

«ሴቲንግ ግቢና የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ አድርጊው፣ ያኔ ይቀልላል። ሰው ካለ ስልኩ ራሱ ፊቱን ፈልጎ ቢጫ ክፈፍ ያደርግበታል፣ እሱን አትንኪው።»

«ሰው ከየት ይመጣል» ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ጥቁር ልብሴና የተላጨው ራሴ እንዳይታዩ ጓዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ስልኩን ወደ በሩ አዞርኩ። ከበሩ ጎን እሱ ይቀመጥበት የነበረው የጭቃ መደብ አለ፣ ባዶ ነው፣ ጋቢውን እንኳ ለንስሐ አባቱ ሰጥቼዋለሁ። ጥራቱን ዝቅ አድርጌ ቀና ስል፣ ያቺ ቢጫ ክፈፍ መደቡ ላይ፣ እሱ ሲቀመጥ ራሱ በሚደርስበት ከፍታ ላይ አርፋለች።

የግድግዳ እድፍ ነው ብዬ ስልኩን ወደ ጎን አዞርኩት፣ ጠፋች፣ መለስኩት፣ መጣች። እንደገና ሴቲንግ ገብቼ ፊት የሚፈልግበትን አጠፋሁት፣ እመኑኝ መጥፋቱን ደግሜ አይቻለሁ፣ ስመለስ ግን እዚያው ናት፣ አሁን ትንሽ ዘንበል ብላለች፣ እሱ ሰው ሲያዳምጥ ራሱን እንደሚያዘነብለው። ከዝናቡ ሥር ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ልውጣ አልኩ፣ በሩ ያለው መደቡ አጠገብ ነው፣ ቤታችን ሌላ በር የለውም። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፣ መቅረጫውን መቼ እንደተጫንኩት አላውቅም።

ጎረቤቴ ዘሀራ በሩን ስትገፋው ክፈፏ ጠፋች።

«ምነው እቴ፣ ቤቱ እንዳይወድቅ ደግፈሽ ነው?» አለችኝ።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት፣ ባዶ መደብና የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ላክሁት። በማግስቱ ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ አባባ ከሳ እኮ። ምነው ዝም አለ? ደግሞ በዚህ ብርድ ጋቢውን የት ጥሎት ነው?»

መደቡን አየሁት። «ታጥቦ ነው» አልኳት።

«ጥራቱን በጣም ዝቅ አድርገሽዋል፣ ፊቱ ደብዝዟል። አሁን ከፍ አድርጊና ቅረጪልኝ፣ ዓይኑን ልየው።»

ጾሙ ሊፈታ ነው፣ ልጆቹ ሊያረዷት ተዘጋጅተዋል፣ እሷ ግን በቀደም ያየሁት አባቴ እንዴት ሞተ ብላ አታምናቸውም፣ ሌላ ባልልክላት ደግሞ ትጠረጥራለች። ዘሀራን ባማክራት «ወላሂ፣ ስልኩን ሽጪው» ነው ያለችኝ። ከቤት ስወጣ አሁንም ከመደቡ ራቅ ብዬ፣ ያንኛውን ግድግዳ ታክኬ ነው የማልፈው።

ትናንት ጥራቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በአፍጢሙ ደፋሁት፣ እስካሁን አላነሳሁትም። ልጄ የአባቷን ዓይን ማየት ትፈልጋለች፣ እኔ ግን ወዴት እንደሚያይ ማወቅ አልፈልግም።