በሚዛኑ ላይ የሚመታው ዱቄት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የምወድ ሰው አይደለሁም፣ እመኑኝ፤ መርሳ ተወልጄ ሳድግ ጅን አየሁ የሚል ጎረቤት ሞልቶ፣ "ከጫቱ በፊት ነው ያያችሁት ወይስ በኋላ?" እያልሁ የማበሽቀው እኔ ነበርሁ። ሥራዬም ወልድያ ላብራቶሪ ውስጥ መመዘን ነው፣ የተመዘነ ነገር አይዋሽም ብዬ ነው የኖርሁት።

ታዲያ አንድ ሰሞን ለተመራማሪዎቻችን ፕሮፕራኖሎል የሚባል ዱቄት በትንሽ ቡናማ ጠርሙስ መጣ፣ የሚሮጥ ልብን የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ግን "ለላብራቶሪ ምርምር ብቻ፣ ለሰው አይሰጥም" ይላል። መርሳ ያለችው እናቴ የምትውጠው ኪኒን ይኸው ነው፣ ያኔ ደግሞ ከፋርማሲ ጠፍቶ፣ ልቧ እየሮጠ እንቅልፍ አጥታ ሰንብታለች። ስለ ጠርሙሱ አምልጦኝ ነገርኋት፣ አበቃ!

"ልጄ፣ ዋናውን አምጭልኝ" አለችኝ በስልክ። "ኪኒኑንማ ኖራ ነው የሚቀይጡበት፣ ያ ረቢ! ዱቄቱን በወረቀት ጠቅልለሽ ላኪልኝ።"

"እማ፣ እሱ ለሰው አይሆንም፣ ለጥናት ነው።"

"እንግዲያው እኔን አጥኝ!"

ሳቅሁ፣ አንጀቴ ግን አልቻለም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ስብሰባ ሲገባ በሩን ዘግቼ ስሱ ሚዛን ፊት ቆምሁ። ንጹሕ ዱቄት ነው፣ በጥፍር ጫፍ የምትነሣው እንኳ የብዙ ኪኒን ያህል ናት፣ ከተሳሳቱ ልብ ታቆማለች፣ ይህን አውቃለሁ፤ አውቄ ነው የቆምሁት፣ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ።

ወረቀቱን አስቀምጬ ሚዛኑን ዜሮ አደረግሁ፣ ከዱቄቱ ጥቂት ጨመርሁ፣ ቁጥሩ ግን አልረጋ አለኝ። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። ንፋስ ነው ብዬ የሚዛኑን የመስታወት በር ዘጋሁ፣ ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ ባጃጅ ቆሞ ቤቱን እያንቀጠቀጠው እንደሆነ በመስኮት አየሁ፣ ምንም የለም። ዱቄቱን አንሥቼ ጨው አስቀመጥሁ፣ ቁጥሩ ድርቅ አለ። ዱቄቱን መለስሁት፣ ከፍ፣ ዝቅ። አልፈራሁም፣ እውነቴን ነው፣ እንዲያውም ደስ ደስ አለኝ፣ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ወንበር ስቤ ሰዓት ይዤ መቁጠር ጀመርሁ።

በደቂቃ ሠላሳ ስምንት። ሦስት ይመታና አንድ ይዘላል፣ ሦስት ይመታና ይዘላል። ጸጉሬ የቆመው ያን ጊዜ ነው፣ አዘላለሉን አውቀዋለሁና፤ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ሕመሟ ሲነሣባት፣ የእጇን የደም ሥር ይዤ የምቆጥረው እኔ ነኝ። የእማ ነው። ግን የእማ ልብ ይሮጣል እንጂ እንዲህ ሲያዘግም አይቼ አላውቅም።

ደወልሁ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ ልጄ" አለች ድክም ባለ ድምፅ። "ያንች ቢዘገይብኝ ያንኑ ኪኒን የምትውጥ ጎረቤቴ ከራሷ ሰጠችኝ፣ አላህ ይስጣት፣ ቶሎ ይሻለኝ ብዬ ደጋግሜ ዋጥሁት።"

"ሌላ እንዳትውጭ! አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጅ!" ብዬ ጮኽሁ። እሷን የገረማት ግን ሌላ ነገር ነበር።

"አንች ደሞ መቼ ወጣሽና ነው የምትደውይ? አሁን እኮ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠሽ እጄን ይዘሽ ስትቆጥሪ ነበር።"

ጎረቤቷ በባጃጅ አደረሰቻት፣ ተረፈች። ሐኪሙ "ትንሽ ተጨምሮ ቢሆን" ብሎ የቀረውን ቃል ዋጠው። እኔም የመዘንሁትን ዱቄት ለኃላፊዬ ሁሉን ተናዝዤ አስረከብሁ፣ ሚዛኑንም ባለሙያ መረመረው፣ ምንም የለበትም አለ።

አሁን ኪኒኑ ተገኝቷል፣ እማም ደኅና ናት። ባለፈው ሳምንት ደውዬላት እንደ ልማዴ ወሬዬን አከታትዬ ስለፈልፍ፣ በሹክሹክታ አቋረጠችኝ።

"ቀስ በይ ልጄ፣ እጄን ይዛ እየቆጠረች ነው፣ ታሳስቻታለሽ።"

ማን እንደሆነች እስካሁን አልጠየቅኋትም።