የስድስተኛው ዘፈን የመጨረሻ ስንኝ

ድምፃዊው የተገኘው በስቱዲዮው የብረት ደረጃ ሥር ወድቆ ነው። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነበር፤ ገመዱ ተበጥሷል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬውን ሁሉ አሳልፋ ጠጠሩን ታስቀራለች። መቅረጫውን ከፍታ ብቻዋን አዳመጠችና አሸገችው። የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ሊወጣ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ያልተቀረጸው የስድስተኛው ዘፈን የመጨረሻ ስንኝ ብቻ ነበር። ሟቹ እሱንም በሞተበት ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቀርጾታል።

በዚያ ቀን አብረውት የነበሩትን ሦስት ሰዎች ለየብቻ ጠየቀች፦ «ስድስተኛው ዘፈን ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ አደጋው ነዋ» አለ የቀረጻ ባለሙያው። «አባቱን ይዞ ሲነዳ መኪናው ተገለበጠ። አባቱ ሞቱ፤ እሱ ሁለት ዓመት ታሰረ። ኑዛዜ ነው።»

«ስንኙን ሲቀርጽ የት ነበርክ?»

«ሲዘፍን ሰው እንዲያየው አይወድም። መቅረጫውን ከፍቼለት አሥር ተኩል ላይ ወጣሁ።»

ኪቦርድ ተጫዋቿ ከሟቹ ጋር ተኮራርፋ ነበር። «ኑዛዜ ነዋ! እኔ ነዳሁ፣ እኔ ገደልኩ እያለ ሲያለቅስ እንባውን በኪቦርድ ያጀብኩት እኔ ነኝ! ተጣልተናል፣ አልዋሽም። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

ጊታሪስቱ የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። ዓይኑ አብጧል።

«አሥር ሰዓት ወጣሁ፤ አልተመለስኩም።»

«ዘፈኑስ?»

«ውሸት ነው! የነዳው እሱ ነው። ያባታችንን ባርኔጣ ታቅፎ ኋላ የተቀመጠው እሱ አይደለም።»

መርማሪዋ አመስግና አሰናበተችው።

በማግስቱ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የወንድማማቾቹ እናትም መጡ፤ የጊታሪስቱን እጅጌ ጨብጠው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ከእንግዲህ ከዓይኔ አይርቅም» አሉ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።»

መርማሪዋ ጥያቄውን ለሌላ ሰው ማቅረብ ትችል እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ አስባለች። የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ ባርኔጣ ያደርጉ ነበር?»

እናትየው ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እሱ? ኧረ በሞቴ! ፀሐይ ሲያቃጥለው እንኳ በጋዜጣ ነበር የሚከልለው። ራሴን ይሞቀኛል ይላል። በዕድሜ ልኩ ባርኔጣ አድርጎ አያውቅም።»

ጊታሪስቱ አቀረቀረ። መርማሪዋ መቅረጫውን ከፈተች። የሟቹ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦

«መሪው በታላቄ እጅ፣ እኔ ከኋላ ወንበር፤
ያባቴን ባርኔጣ ጭኔ ላይ ታቅፌ ነበር።»



«ስትለማመዱት በነበረው ግጥም የሚነዳው እሱ ነው» አለች። «ሁለታችሁ የነገራችሁኝም ይህንኑ ነው። ይህ ስንኝ ግን የተዘፈነው አንዴ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ከእኔ በፊት የሰማው ካለ ያኔ እዚህ የነበረ ሰው ነው። ባርኔጣ የሚባል ነገር ደግሞ በዚያ መኪና ውስጥ አልነበረም፤ ሟቹ ለግጥሙ የፈጠረው ነው። ታዲያ አንተ ማንም ያልከሰሰህን ክስ ስታስተባብል ባርኔጣውን ከየት አመጣኸው?»



«ጊታሬን ረስቼ ተመለስኩ» አለ ጊታሪስቱ። «ስማውማ ብሎ ከፈተልኝ። የነዳሁት እኔ ነበርኩ። ሚስቴ ልትወልድ ደርሳ ስለነበር ነው የታሰረልኝ። አጥፋው አልኩት። ዘፈን ነው፣ ማን ያምነዋል ብሎ ሳቀ። በማዳመጫው ገመድ እየጎተትኩ አወጣሁት። ደረጃው ጫፍ ላይ ገመዱ ተበጠሰ።»

እናትየው ልጃቸውን አላዩትም። እጅጌውንም አልለቀቁም።

«ልጄ፣ ቆዪ» አሉ ለመርማሪዋ። «ተሳስቻለሁ። እርጅና ነው። ነበረው።»

«እናቴ…»

«ነበረው እላለሁ! ሰፊ ጠርዝ ያለው።»

«እማዬ፣ ተይው» አለ ጊታሪስቱ።

«ዝም በል አንተ! ከሰው ጋር እያወራሁ ነው።» ወደ መርማሪዋ ጠጋ አሉ። «ጻፊው፣ ልጄ። ጥቁር ነበር።»