የሞላው ሳህን

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ የኮሪደሩን ሲሚንቶ ገና ሳታሞቅ፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም በአንዱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ እንዳለች የምትባለው መርማሪ ኢንስፔክተር፣ የሟች ጎረቤት ወይዘሮ ሰሚራ፣ የሟች የእህት ልጅ በሱፍቃድ፣ የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ ዋቅሹማ። ሟቹ አቶ ፍሰሐ ውስጥ፣ ከአልጋቸው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተጋድመዋል።

አቶ ፍሰሐ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብነት ሰፈር ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ከጆሯቸው በላይ ተፈንክተዋል። የስፌት መኪናቸው የብረት ጠርዝ ላይ የደረቀ ደም አለ። ብርድ ልብሱ በአንድ ጥጉ ከአልጋው ተጎትቶ እግራቸው ላይ ወድቋል። ስልካቸው ቆሞ ካልሆነ በማይደረስበት መደርደሪያ ላይ ነው።

በሩ እንደተቆለፈ ነው የተገኘው። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ የነበራቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሰሚራና በሱፍቃድ። ሐኪሙ አይቶ ሄዷል። ሕይወታቸው ያለፈው ሌሊቱን ነው ብሎ ሌላውን ለምርመራ ትቶታል።

እንዳለች መጀመሪያ ሰሚራን አነጋገረች። ሰሚራ ከአጠገባቸው ያለው ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ ምሳ እየሠራች ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ላሉት ጋራዦች ታቀርባለች። ቅዳሜ ከሰዓት ቡታጅራ ለቅሶ ሄዳ ሰኞ ማታ መመለሷን፣ ዛሬ ጠዋት ቁርስ ይዛ አንኳኩታ መልስ ስታጣ በቁልፏ መክፈቷን ተናገረች። የምትናገረው የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ነበር። ቁርሱ አሁንም በእጇ ነው። አስቀምጪው ያላት ሰው የለም።

«ቅዳሜ ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለች እንዳለች።

«አዎ።»

«በምን?»

«በገለፈት። ጋሼ ጠዋት ጠዋት የወፏን ሳህን መስኮት ላይ አውጥተው እፍ ይላሉ። ገለፈቱ እየበረረ ያጠብኩት ልብስ ላይ ይለጠፋል። ቅዳሜም የልጄ ዩኒፎርም ላይ አረፈ።»

«ምን አሏቸው?»

«አንድ ቀን ከነወፍዎ ጠርጌ ነው የምጥልዎት አልኳቸው። ፎቁ ሁሉ ሰምቷል።»

በሱፍቃድ የታክሲ ሹፌር ነው። ሰሚራ ስትሄድ አጎቱን እንዲያይ አደራ ብላው እንደነበር አልካደም። እሑድም ሰኞም አመሻሽ ላይ መጥቶ አብሯቸው መቀመጡን፣ ሰኞ ሲለያቸው ደህና እንደነበሩና ሲያጫውቱት እንዳመሹ ተናገረ። በማንም ላይ ጣቱን አልቀሰረም። ነገር ግን እሱ ደህና ትቷቸው ከሄደ፣ ከዚያ በኋላ ቁልፍ ይዛ ፎቁ ላይ የነበረችው ሰሚራ ብቻ ናት። ይህንን መርማሪዋም፣ ሰሚራም፣ ታች መኪና ይዞ የሚጠብቀው ፖሊስም ተረድተውታል።

«ይወስዱኛል?» አለች ሰሚራ።

«ገና አላወቅሁም።»

«ከወሰዱኝ ቢፈቱኝም ዋጋ የለው። በነፍስ ተጠርጥራ የተያዘች ሴት የሠራችውን ምሳ ማን ይበላል?»

እንዳለች ወደ ወፏ ሄደች።

ወፏ ባጂ የሚሏት ዓይነት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ናት። አቶ ፍሰሐ ዚግዛግ ብለው ሰይመዋታል። የሽቦ ቤቷ ኮሪደሩን በሚያየው መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ ያያታል። ግንባሯ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች እስከ ምንቃሯ ይወርዳሉ፤ ላባዋን ገና ያልቀየረች ጫጩት ናት። የምግብ ሳህኗ እስከ አፉ ሞልቷል። ወፏ ወርዳ ምንቃሯን ሳህኑ ውስጥ ትከታለች፤ ታነሳለች፤ ትጥላለች፤ ወደ እንጨቷ ተመልሳ ላባዋን ነፍታ ትቀመጣለች። ጥቂት ቆይታ እንደገና ትወርዳለች።

እንዳለች ሳህኑን በእጇ መዝና መለሰችው። መደርደሪያው ላይ የዳጉሳና የማሽላ ጣሳ አገኘች። አንድ ፍሬ አንስታ በሽቦው መሃል አቀበለቻት። ወፏ ነጠቀቻት። ፍሬዋን በምላሷ አዙራ ቀጭ አደረገችና የፍሬዋን ውስጥ ዋጠች። ልጣጩ ሳህኑ ላይ ወደቀ። እንዳለች ወደ ወደቀበት ቦታ ጎንበስ ብላ ብትፈልገውም ከሌላው ልትለየው አልቻለችም።

ከዚያ ቤቱን ሁሉ ወለል ለወለል፣ ከአልጋው ሥር፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንም አየች። ገለፈት የለም።

ጋሽ ዋቅሹማ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቅዳሜ ማታ አቶ ፍሰሐን በመስኮት እንዳነጋገሯቸው፣ ከዚያ ወዲህ ባዕድ ሰው ወደ ላይ እንዳልወጣ፣ በሱፍቃድ ግን እሑድና ሰኞ አመሻሽ ላይ ብቻ እንደመጣ ነገሯት።

«ብዙ ይቆይ ነበር?»

«የዛሬ ልጅ አይደል? ዘመድ የሚጠይቀው ሞተር ሳያጠፋ ነው።»

«ኮሪደሩን የሚጠርጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ይኼ ገለፈት ወገቤን ቆርጦታል። እሑድና ትናንት ግን እግዜር ይስጣት፣ ሰሚራ ተቆጥታልኝ አርፈው ነበር። ምንም አልጠረግሁም።»

እንዳለች ሌላም ጠየቀቻቸው፤ ሽማግሌው ብቻቸውን ሲኖሩ ደህንነታቸው በምን ይታወቅ እንደነበር። ጋሽ ዋቅሹማ ይህ የሚጠየቅ መሆኑ ገረማቸው። አቶ ፍሰሐ በር ሲንኳኳባቸው ይናደዳሉ፤ ልክ እንደ በሽተኛ አታስታምሙኝ ይሉ ነበር። እና ለፎቁ ሰው ሁሉ የነገሩት አንድ ነገር ነው፤ የወፏ ሳህን ሙሉ ከሆነ እኔ ተነስቻለሁ፣ እለፉ። ሰውም ሳህኑን ያያል፤ ያልፋል።

መርማሪዋ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ሰበሰበች። ሰሚራ ቁርሱን እንደያዘች ቆመች። ፖሊሱም ከታች ወጣ።

«በሱፍቃድ» አለች እንዳለች፣ «ሰኞ ማታ አጎትህ ወፏን መግበዋት ነበር?»

«አዎ፣ እኔ እያለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

«እህል ጨመሩላት። ከጣሳው።»

«መጀመሪያ ሳህኑን ምን አደረጉት?»

«ምንም። ከላዩ ጨመሩበት።»

«እፍ አላሉም?»

በሱፍቃድ መርማሪዋን፣ ቀጥሎ ሰሚራን አየ። «እህል ላይ ለምን እፍ ይላሉ?»

እንዳለች ሳህኑን አወጣች። ወደ አፏ አስጠግታ አንድ ጊዜ ተነፈሰችበት። ሳህኑን የሞላው ተነሥቶ በረረ። ገለፈቱ ኮሪደሩ ላይ፣ የጋሽ ዋቅሹማ ጫማ ላይ፣ የሰሚራ እጅጌ ላይ አረፈ። ሳህኑ ሥር ላይ ጥቂት ፍሬዎች ብቻ ቀሩ። መልሳ ስታስገባው ወፏ ከእንጨቷ ወርዳ ወዲያው መብላት ጀመረች። ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ለሁሉም ይሰማል።

«ይህች ወፍ ፍሬውን ልጣ ነው የምትበላው» አለች እንዳለች። «ልጣጩን እዚያው ትተወዋለች። ስለዚህ ምንም ብትበላ ሳህኑ አይጎድልም፤ ሲያዩት ሙሉ ነው። ትልቅ ወፍ ብትሆን ገለፈቱን ገፍታ ሥሩን ትፈልግ ይሆናል። ይህች ገና ጫጩት ናት፤ ከላይ ያጣችውን ከሥር መፈለግ አታውቅም። አቶ ፍሰሐ ይህንን ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት እፍ የሚሉት። ለዚህ ነው ከወይዘሮ ሰሚራ ጋር የተጣሉት።»

ወደ ጥበቃው አመለከተች።

«ጋሽ ዋቅሹማ እሑድና ሰኞ ገለፈት አልጠረጉም። ከቁጣው የተነሣ መስሏቸዋል። ሽማግሌው አፍረው ውስጥ ቢያራግፉት ኖሮ ውስጥ ይገኝ ነበር፤ የለም። ሳህኑ ውስጥ ነው የነበረው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ሳህኑን የሚያነሣ ሰው አልነበረም። አቶ ፍሰሐ ቅዳሜ ማታ ጋሽ ዋቅሹማ ካነጋገሯቸው በኋላ፣ እሑድ ሳይነጋ ስፌት መኪናው ላይ ወድቀዋል። ወይዘሮ ሰሚራ ያኔ ቡታጅራ ነበሩ።»

«ሐኪሙ የሞቱት ሌሊቱን ነው ብሏል» አለ ፖሊሱ።

«ትክክል ብሏል። የወደቁ ዕለት አልሞቱም። ብርድ ልብሱን እዩት። በአንድ ጥጉ፣ ከታች ነው የተጎተተው። ወለል ላይ የተኛ ሰው በርዶት የጎተተው ነው። ስልኩ ጋ መድረስ አልቻሉም፤ ብርድ ልብሱ ጋ ደርሰዋል።»

ሰሚራ ቁርሱን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

እንዳለች ወደ በሱፍቃድ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «መጥተሃል፤ ጋሽ ዋቅሹማ አይተውሃል። ሞተር ሳታጠፋ። የት ድረስ መጣህ?»

«እዚህ ድረስ።»

«ከዚያስ?»

«ሳህኑን አየሁ። ሙሉ ነበር።» በሱፍቃድ የሚናገረው ለመስኮቱ ነበር። «ሁለቱንም ቀን ሙሉ ነበር። ተነስተዋል አልኩ። ተሳፋሪ ነበረኝ።»

«አብሬያቸው ተቀመጥሁ ለምን አልክ?»

«ዛሬ ወለሉ ላይ ሳያቸው ሌላ የምለው ጠፋኝ። እናቴ ትጠይቀኛለች። አደራ ተብዬ ነበር።» ጨመረ፤ «እትዬ ሰሚራን ይይዟታል ብዬ አላሰብኩም። ስትጠይቁኝ ገባኝ። ያኔ ግን ቃሌን ሰጥቼ ነበር።»

እንዳለች፣ ያን ሌሊት ባለቁልፎቹ ሁለቱም ፎቁ ላይ ስላልነበሩ፣ አቶ ፍሰሐን የገፋቸው ሰው እንደሌለ ተናገረች። ሰሚራ እንደማትያዝ፣ በሱፍቃድ ግን ለሰጠው የሐሰት ቃል ጣቢያ ሄዶ እንደሚጠየቅ ጨመረች። ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀ።

ሰሚራ ይህንን የሰማች አትመስልም ነበር። እጅጌዋ ላይ ያረፈውን ገለፈት አንድ በአንድ ታነሳለች።

«ሰኞ ማታ እኔም በዚህ አልፌያለሁ» አለች።

እንዳለች ወደ እሷ ዞረች።

«ይቅርታ ልላቸው አስቤ ነበር። ሳህኑን አየሁ። ሙሉ ነው። ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል፣ ጠዋት ቁርስ ይዤ እመጣለሁ አልኩ።» ቀና አለች። «ያኔ በሕይወት ነበሩ?»

«አላውቅም» አለች እንዳለች። ከዚያ የጠየቀቻት ሴት መልስ የሚገባት መሆኑን አሰበች መሰል፣ «ይመስለኛል» አለች።

ጋሽ ዋቅሹማ መጥረጊያቸውን ከግድግዳው አነሡና መልሰው አስደገፉት።

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ለምርመራ ሄደ፤ ውጤቱም መርማሪዋ ካለችው አልራቀም። አቶ ፍሰሐ ከምርመራው በኋላ ልደታ ተቀበሩ። በሱፍቃድ ቃሉን አስተካክሎ ሰጠ፤ ክስ ይመሠረትበት እንደሆነ ገና አልተወሰነም። ሰሚራ ለጋራዦቹ ምሳ ማቅረቧን ቀጥላለች። ወፏ እሷ ቤት ናት። ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ገለፈት አለ፤ ጋሽ ዋቅሹማ ይጠርጉታል።