ሽቦውን የነቀለችው እምቢዬ

እምቢዬ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ከእናቷ ጋር፣ ከጋራዥ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። እናቷ ሜካኒክ ናት። አዎ፣ እናቷ! ምን ያስቃችኋል? ከመኪና ሥር ስትወጣ ፊቷ ጥላሸት ይመስላል እንጂ ሥራዋ እንከን አይወጣለትም።

ልጅቷ ስትወለድ የወጣላት ስም ሌላ ነበር። ግን አፏን የፈታችው "እምቢ" ብላ ነው፤ በዚያው እምቢዬ ሆና ቀረች። ዝም በይ ሲሏት ሁለት ቃል ትጨምራለች።

የእናቷ ታናሽ ወንድም ተማሪ የሚያመላልስበት ሚኒባስ አለው። እምቢዬም ትምህርት ቤት የምትሄደው በአጎቷ ሰርቪስ ነው። ልጆቹ አጎቷን ጥድፊያ ይሉታል፤ የጫማውን ክር እንኳ እየሄደ ነው የሚያስረው። በአንድ ነገር ብቻ አይቸኩልም። ከመሪው ፊት ያለችው ቀይ የዘይት መብራት ከበራች ጥግ ይይዛል፣ ይወርዳል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ዘይት ይጨምራል። ሞተሩ ዘይት ያንጠባጥብ ነበርና እናቷ፣ "የሚቀየረው ዕቃ እስኪመጣ መብራቷን እያየህ ጨምር" ብላዋለች።

እሱ ዘይት ሲጨምር የትምህርት ቤቱ ደወል ይደወላል። በር ላይ የሌላ ሰርቪስ ልጆች ይጠብቋቸዋል።

"የእንቅልፋሞቹ መኪና መጣች!"

"ትራሳችሁን ረሳችሁ እንዴ?"

እምቢዬ ስድብ አይዋጥላትም። "ይቺ መብራት አለቃዬ አይደለችም!" አለች በሆዷ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚኒባሷ ጋራዡ ግቢ ቆማለች። እናቷ ሌላ መኪና ሥር ተኝታ ብሎን ትፈታለች። እምቢዬ ኮፈኑን ቀና አደረገች። ዘይት ሲያንስ ለመብራቷ የምትናገረውን ትንሽ ዕቃ እናቷ ራሷ አሳይታታለች። ጫፏ ላይ አንድ ሽቦ አለ። እጇ ሽቦው ላይ ቆም አለ። ታውቃለች እኮ! ሳያውቁ ማጥፋት ሌላ ነው፤ እሷ ግን እያወቀች ነው። ሳብ አደረገችና ነቀለችው።

"በቃሽ፣ አሁን ዝም በይ!" አለቻት።

በማግስቱ መብራቷ አልበራችም። አጎቷ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

"እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ! መብራቷ ዝም አለች!"

እናቷ መዶሻዋን ሳትጥል፣ "ጎሽ! እንዲህ ነው!" አለችው።

እሱ እህቱ የሠራችው መሰለው። እሷ ወንድሟ ዘይት የጨመረ መሰላት። እውነቱን የምታውቀው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ያን ቀን አፏ ተለጉሟል። ለክፉው ጊዜ ዝም ማለት ትችላለች ለካ!

አራት ቀን በሰዓቱ ደረሱ። እምቢዬ በሩ ላይ ደረቷን ነፍታ፣ "ትራስ የፈለገ አለ?" እያለች አለፈች።

አምስተኛው ቀን የፈተና ቀን ነበር። ዳገቱን ሲጀምሩ ከሞተሩ ድምፅ መጣ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አጎቷ ራዲዮኑን ከፍ አደረገ። እምቢዬ ግን የጋራዥ ልጅ ናት። አወቀችው። አፏን ከፍታ መናገር ሲገባት ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። "ጌታዬ፣ ትምህርት ቤት እስክንደርስ ብቻ!"

ልጆች፣ እግዚአብሔር የዘይት ጣሳ ይዞ አይዞርም።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

"ጋሼ፣ አቁም!"

"ዛሬ ፈተና ነው እኮ! ምን ሆነሻል?"

"ዘይት የለውም! ሞተሩ ይነክሳል!"

ከኋላ ያለው ትንሹ ልጅ እግሮቹን ወንበሩ ላይ ሰበሰበ። "ማንን ነው የሚነክሰው?" አለ። ሞተር ነከሰ ማለት ብረቱ ከብረት ተጣብቆ ደረቀ፣ አለቀለት ማለት ነው። እሱ ይህን ከየት ይወቅ!

"መብራቷ አልበራችም" አለ አጎቷ።

"አትበራም! ሽቦዋን ነቅዬዋለሁ!"

"ዝም በይ፣ ፈተናው ያልፈናል!" አለች አንዷ።

"እምቢ! አልልም! እኔ ነኝ የነቀልኩት! ጋሼ፣ አቁም!"

አጎቷ ፍሬን ያዘ። ወርዶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና መዘዘ። ደረቅ ነው። ቆሞ የማያውቀው ሰውዬ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

"ከዚህች መኪና ሌላ እኮ ምንም የለኝም" አለ።

የቀረውን መንገድ በእግር ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ እምቢዬ ቀድማ ርእሰ መምህርቷ ፊት ቆመች።

"ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ የእኔ ነው" አለች።

ርእሰ መምህርቷ ሌሎቹን አስቀደመቻቸው። እምቢዬ መጨረሻ ገባች፤ ጥያቄው ገና በግማሽ ሳለ ወረቀቷ ተሰበሰበ።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባሷ በገመድ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። እናቷ ሞተሩን ፈታ አየች።

"ለጥቂት ነው። አልነከሰም፣ ግን ተፍቋል። ሁለት ሳምንት ይቆማል።" ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "አንቺን ዝም በይ የሚልሽን ሰው ምን ትይዋለሽ?"

"እምቢ እለዋለሁ።"

"እውነት እየተናገርሽ ከሆነስ?"

"ያኔማ ጭራሽ!"

"ይቺ መብራት ምን ተናገረች? እውነት። አፏን የያዛት ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አለች እምቢዬ።

አጎቷ ዘንድ ሄደች። "ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።"

"ዛሬ አልችልም" አለ።

ክፉ ነው አትበሉት፤ እንጀራው ነው የቆመበት። እሷም አላኮረፈችም። በማግስቱ ሄደች። "ዛሬም አልቻልኩም" አላት። እምቢ ባይነት ለበጎ ሲሆን ደስ ይላል፣ በየቀኑ ሄደች! ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተፈታውን ብረት ሁሉ በነጭ ጋዝ እያጠበች ደረደረች። በዘጠነኛው ቀን አጎቷ አጠገቧ ተቀመጠና አንዱን ብረት አንሥቶ አብሯት ያጥብ ጀመር።

"እጅሽን ተመልከቺው፣ የእናትሽን አክሏል" አላት። ሳቀ። እሷ አለቀሰች።

ሞተሩ ተገጠመ። እናቷ ሽቦውን ለእምቢዬ ሰጠቻት፤ በገዛ እጇ መለሰችው። አጎቷ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቀይዋ መብራት፣ አለሁ እንደማለት፣ ቦግ አለች።

"ተመስገን!" አለ ጥድፊያ፤ ሞተሩንም ለማስነሣት አልቸኮለም።

ልጆች፣ እውነቱ ስላልተመቻችሁ ብቻ የሚነግራችሁን ዝም አታሰኙ፣ ያጠፋችሁትንም ማንም ሳይጠይቃችሁ ቀና ብላችሁ ተናገሩ።